ሲታዩ አንድ፣ ሲነጻጸሩ ሁለት፦ በሁለት ቋንቋዎች ድንበር ላይ የሚበላሸው የኮሌክሽን ንጽጽር

ቴስቱ ይወድቃል። መልእክቱ «የተጠበቀው [3, 7, 12]፣ የተገኘው [3, 7, 12]» ይላል። ሰው ዓይኑን ይጠራጠራል። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላችሁ ትቆጥራላችሁ፤ እዚህም ሦስት ቁጥር፣ እዚያም ሦስት ቁጥር፣ ቅደም ተከተላቸውም ያው። ኮዱን ደግማችሁ ታስኬዱታላችሁ፤ አሁንም ይወድቃል።

እኔ በዚህ ዓይነት ስህተት ሁለት ሙሉ ቀን ፈጅቻለሁ። ዋናው ሲስተም በጃቫ፣ ስሌቱን የሚሠራው ክፍል ደግሞ በክሎጁር (በጃቫ መድረክ ላይ በሚሠራ ሌላ ቋንቋ) የተጻፈ ነበር። ጃቫው ማፕ (ቁልፍና እሴት አጣምሮ የሚይዝ መያዣ) አዘጋጅቶ ያቀብላል፤ ክሎጁሩ ቁልፍ 7ን ይጠይቃል፤ የሚመለሰው ነል፣ ማለትም «ምንም የለም» ነው። ማፑን ፕሪንት ሳደርገው 7 ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ይታየኛል። መጀመሪያ ዳታቤዙን ጠረጠርኩ፣ ቀጥዬ ካሹን፣ በመጨረሻም ሁለት ትሬዶች ተሻምተው ይሆናል አልኩ። ሦስቱም ምንም አላጠፉም ነበር። ምክንያቱን ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

እንዲህ ያሉ ስህተቶች ብዙ መልክ ቢኖራቸውም ምንጫቸው አንድ ነው። «እነዚህ ሁለቱ እኩል ናቸው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ሕግ አለው። ኮሌክሽኑ፣ ማለትም ብዙ እሴቶችን የሚይዘው ሊስት፣ ማፕ ወይም ሴት (ድግግሞሽ የሌለው ስብስብ)፣ ድንበሩን ሲሻገር እሴቶቹ አብረው ይሻገራሉ፤ የእኩልነት ሕጉ ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ምን ተነጻጸረ?» ብቻ ሳይሆን «ማን ነው ያነጻጸረው?» ጭምር ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ፕሪንትን አትመኑ

ፕሪንት ሲደረግ ኢንቲጀር 7 እና ሎንግ 7 (ሁለት የሙሉ ቁጥር ዓይነቶች ናቸው፤ ሎንግ ሰፊው ነው) አንድ ይመስላሉ። በብዙ ቋንቋ ሎግ ላይ ቁጥሩ 7 እና ጽሑፉ «7»ም አይለዩም። አሬይም ሊስትም በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ሊታዩ ይችላሉ። ስለዚህ ምንም ነገር ከመቀየራችሁ በፊት ከእሴቱ ጎን ታይፑን (ዓይነቱን) አውጡ። በጃቫ፣ በኮትሊንና በስካላ የኦብጀክቱን ክላስ ጠይቁ፤ በፓይተን «ታይፕ» እና «ሬፕር» የተባሉትን ፈንክሽኖች ተጠቀሙ፤ በጃቫስክሪፕት «ታይፕኦፍ» ለቁጥርና ለጽሑፍ ይበቃል፣ አሬይ መሆኑን ለማወቅ ግን «አሬይ.ኢዝአሬይ» ያስፈልጋል።

ሦስት ቦታ ላይ አውጡት፦ የውጪው መያዣ፣ ውስጡ ያለው የመጀመሪያ ኤለመንት፣ ማፕ ከሆነ ደግሞ የቁልፉ ታይፕ። ብዙ ሰው የውጪውን አይቶ ይቆማል። ከልምዴ እንደማየው ግን ሥራ የሚያስፈታው አብዛኛውን ጊዜ ውስጥ ያለው ነው።

ምልክት፦ ይዘቱ አንድ ነው፣ መልሱ ግን ሁልጊዜ ሐሰት ነው

«ሁልጊዜ» የሚለውን ልብ በሉ። አንድ ጊዜ እንኳ እውነት የማይል ከሆነ፣ ንጽጽሩ ብዙውን ጊዜ ይዘትን ሳይሆን ማንነትን፣ ማለትም ሁለቱ ሜሞሪ ላይ አንድ ኦብጀክት መሆናቸውን እየጠየቀ ነው።

የተለመደው ተጠያቂ አሬይ ነው። የጃቫ አሬይ «ኢኩልስ» የሚለውን ሜተድ ከኦብጀክት እንደወረሰው ይዞታልና ይዘቱን አያይም። ኮትሊን ላይ == የሚለው ምልክት ከበስተጀርባ «ኢኩልስ»ን ስለሚጠራ በአሬይ ላይ ያው መልስ ይመጣል። ከኮትሊን ስትሠሩ «ኮንቴንትኢኩልስ»ን፣ አሬይ ውስጥ አሬይ ካለ «ኮንቴንትዲፕኢኩልስ»ን ጥሩ፤ ከጃቫ በኩል «አሬይስ.ኢኩልስ» እና «አሬይስ.ዲፕኢኩልስ» አሉ። በስካላ ደግሞ «ሴምኤለመንትስ» ያንን ሥራ ይሠራል።

በጣም የሚያታልለው ግን የኮትሊን ዳታ ክላስ ነው። ዳታ ክላስ እኩልነትን በራሱ ስለሚሠራልን እንተማመንበታለን። ከመስኮቹ አንዱ ከጃቫ ላይብረሪ የመጣ የባይት አሬይ ከሆነ ግን፣ ይዘታቸው አንድ የሆነ ሁለት ኦብጀክቶች እኩል አይሆኑም። መስኩን ወደ ሊስት መለወጥ ከተቻለ እሱን እመርጣለሁ። ካልተቻለ «ኢኩልስ» እና «ሃሽኮድ» (ሃሽማፕ እሴቱን የት እንደሚፈልግ የሚወስነውን ቁጥር የሚያሰላው) ሁለቱም በእጅ መጻፍ አለባቸው። አንዱን ጽፎ ሌላውን መተው ስህተቱን ከዚህ አንስቶ ወደ ሃሽማፑ ያዛውረዋል።

በዶትኔት ዓለም ሲ ሻርፕና ኤፍ ሻርፕ ሲገናኙም ይኸው ይፈጠራል። ኤፍ ሻርፕ ውስጥ = ሁለት አሬይ ሲሰጠው ይዘታቸውን ያነጻጽራል፤ ሲ ሻርፕ ውስጥ == በዚያው አሬይ ላይ ማንነትን ያያል። እዚህ ድረስ «ኤፍ ሻርፕ ሁልጊዜ ይዘትን ያያል» ብሎ መደምደም ይቀላል፣ ስህተትም ነው። ከሲ ሻርፕ የመጣውን የዶትኔት ሊስት በኤፍ ሻርፕ = ስታነጻጽሩት መልሱ የዚያው የሊስቱ ነው፤ ማንነት። በሲ ሻርፕ በኩል «ሲክዌንስኢኳል»ን ተጠቀሙ፤ በኤፍ ሻርፕ በኩል የመጣውን ሊስት ድንበሩ ላይ ወደ ራሱ ወደ ኤፍ ሻርፕ ሊስት ቀይሩት።

የጃቫስክሪፕት አሬይ በ=== ማንነቱ ብቻ ይታያል፤ ስለዚህ ቴስት ላይ ጥልቅ ንጽጽር የሚያደርገውን ፈንክሽን ጥሩ።

አሬይ በሌለበትም ይህ ምልክት ሊመጣ ይችላል። በጃቫ የሃሽማፕ «ቫሊውስ» የሚመልሰው ሊስትም ሴትም አይደለም፤ ተራ ኮሌክሽን ነው፣ እኩልነቱም በማንነት ነው። «ኮሌክሽንስ.አንሞዲፋየብልኮሌክሽን» የሚመልሰው መጠቅለያም እንዲሁ፤ ውስጡ ሊስት ቢሆን እንኳ እኩልነቱን አያስተላልፍም። መፍትሄው ከማነጻጸር በፊት ወደ አዲስ ሊስት መገልበጥ ነው።

ስካላና ጃቫ መካከል ደግሞ ሁለቱም ሊስት ተብለው ይጠራሉ፣ ግን የተለያዩ ቤተሰቦች ናቸው። የስካላ ሊስት የጃቫን የሊስት ኢንተርፌስ አይተገብርም፤ ስለዚህ ይዘታቸው አንድ ቢሆንም በየትኛውም አቅጣጫ እኩል አይሆኑም። ከስካላ 2.13 ጀምሮ የመለወጫዎቹ ቦታ «ስካላ.ጄዲኬ.ኮሌክሽንኮንቨርተርስ» ነው። በ«አዝስካላ» ከለወጣችሁት በኋላ ከስካላ ሊስት ጋር በትክክል ይነጻጸራል።

ምልክት፦ መያዣው አንድ ነው፣ ቁጥሮቹ አንድ ናቸው፣ እኩል ግን አይደሉም

የእኔ ሁለት ቀን እዚህ ነው የጠፋው።

ጃቫ ላይ ተራው ኢንት 7 እና ተራው ሎንግ 7 በ== ቢነጻጸሩ እኩል ናቸው። ኮሌክሽን ውስጥ ሲገቡ ግን ሁለቱም ኦብጀክት ሆነው ይታሸጋሉ፤ የሎንግ «ኢኩልስ» ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አንተም ሎንግ ነህ ወይ?» ብሎ ነው። ኢንቲጀር ከሆነ ሐሰት ይላል፤ ቁጥሩን እስከማየት አይደርስም። ክሎጁር ላይ ባዶውን የተጻፈ 7 ሎንግ ነው። ጃቫው ያዘጋጀው ሃሽማፕ ቁልፎቹ ኢንቲጀር ነበሩ። ጥያቄው በሎንግ ሄደ፣ ማፑም «የለም» አለ። በጃቫ ሕግ እውነቱን ነው።

ይበልጥ የሚያደናግረው ክሎጁር ራሱ = ሲጠየቅ ኢንቲጀር 7 እና ሎንግ 7 እኩል ናቸው ማለቱ ነው። እኔም ሪፕል (ኮድ ጽፈው ወዲያው ውጤቱን የሚያዩበት መስኮት) ላይ ቁልፉን አውጥቼ በ= አነጻጸርኩት፤ እውነት አለኝ። ማፑን ስጠይቀው ነል። አንዱ ጥያቄ በክሎጁር ሕግ፣ ሌላው በጃቫ ሕግ እየተመለሰ እንደሆነ እስክረዳ ድረስ ሁለቱ መልሶች እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስሉኝ ነበር። ኮምፓይለሩም አያስጥልም፤ የጃቫ ማፕ «ጌት» ማንኛውንም ኦብጀክት ስለሚቀበል የተሳሳተ ታይፕ ቢሰጠው ዝም ብሎ ነል ይመልሳል።

ለጊዜው ቁልፉን በ«ኢንት» ለውጦ መጠየቅ ይሠራል። ነገር ግን ይህን በየቦታው መበተን አልመክርም፤ አንድ ቦታ ይረሳል። ማፑ ወደ ክሎጁር ሲገባ አንድ ጊዜ ሁሉንም ቁልፍ ወደ ሎንግ የሚለውጥ ፈንክሽን ጻፉ፣ ከዚያ ወዲህ የጃቫውን ማፕ ማንም አይንካው።

ኮትሊን ኢንትና ሎንግን ፊት ለፊት በ== ስታነጻጽሩ ኮምፓይል አያደርግም፤ መልካም ጥበቃ ነው። ጥበቃው ግን ታይፑ እስከታወቀ ድረስ ነው። ከጃቫ የመጣ «ኤኒ» (ማንኛውንም ታይፕ የሚቀበል) የያዘ ሊስት ውስጥ ከገቡ በኋላ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሐሰት ይላል።

ግሩቪ በተቃራኒው ይቅር ባይ ነው። በግሩቪ [1] እና [1 በሎንግ] በ== እኩል ናቸው። 2.0 እና 2.00 የተባሉ ቢግዴሲማሎችም (የጃቫ የአስርዮሽ ቁጥሮች) እኩል ናቸው፣ ምክንያቱም ግሩቪ == ሲባል የሚነጻጸሩትን በ«ኮምፔርቱ» ያያቸዋል። የጃቫ «ኢኩልስ» ግን የአስርዮሽ ቦታውን ጭምር ስለሚቆጥር ሁለቱን ይለያል። ከዚህ የሚመጣው ችግር ከባድ ነው፦ ቴስቱ በግሩቪ ተጽፎ ያልፋል፣ ያው ንጽጽር ጃቫ ውስጥ ሥራ ላይ ሲውል ይወድቃል። የጃቫ ኮድን በግሩቪ የምትፈትሹ ከሆነ፣ እኩልነትን የሚመለከተው ቴስት ራሱ በጃቫ ቢጻፍ እመርጣለሁ። ለቢግዴሲማል ደግሞ ድንበሩ ላይ አንድ ስኬል (የአስርዮሽ ቦታ ብዛት) ወስኑ፣ ወይም ሆን ብላችሁ በ«ኮምፔርቱ» አነጻጽሩ።

ባይት ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። የጃቫ ባይት ምልክት አለው፤ ከ−128 እስከ 127 ይሄዳል። የፓይተን ባይት ከ0 እስከ 255 ነው። በፓይተን 200 የነበረው በጃቫ −56 ይሆናል። ቢቶቹ ያው ናቸው፣ ቁጥሩ ግን ተለየ፤ ሊስት ሆነው ቢነጻጸሩ አይገናኙም። በጃቫ በኩል «ባይት.ቱአንሳይንድኢንት» ያስተካክለዋል። መለያ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ከ127 በታች ያሉት ሁሉ ይስማማሉ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ብቻ ይለያሉ። የቴስት ዳታችሁ ተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ይህን በፍጹም አታገኙትም።

ምልክት፦ የመጀመሪያው ከሁለተኛው ጋር እኩል ነው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር አይደለም

ይህን ያጋጠመው ሰው መጀመሪያ የራሱን አእምሮ ይጠራጠራል። ቦታውን ቀይራችሁ ስታነጻጽሩ መልሱ ከተቀየረ፣ ጥያቄውን የሚመልሰው በግራ ያለው ነውና የግራውን ክላስ መርምሩ።

ትሪሴት (እሴቶቹን ደርድሮ የሚይዝ የጃቫ ሴት) ጥሩ ምሳሌ ነው። ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደልን በማይለይ ቅደም ተከተል የተሠራ ትሪሴት ትንሹን «ኤ» ይያዝ፤ ሃሽሴቱ ደግሞ ትልቁን «ኤ» ይያዝ። ትሪሴቱን ብትጠይቁት «ትልቁ አለኝ» ይላል፣ እኩል ናቸው። ሃሽሴቱን ብትጠይቁት «ትንሹ የለኝም» ይላል። እንዲህ ያለ ሴት ከጃቫ ላይብረሪ ወጥቶ ወደ ሌላ ቋንቋ ከገባ፣ የገባበት ኮድ ስለ ቅደም ተከተሉ ምንም ስለማያውቅ ምክንያቱ ከእይታ ውጪ ይሆናል። የጃቫ ዴትና የኤስኪውኤል ታይምስታምፕም እንዲሁ ናቸው፦ ዴቱ እኩል ነን ሲል ታይምስታምፑ አይደለንም ሊል ይችላል። ሁለቱንም ወገን ወደ አንድ ክላስ ለውጡ፤ ጊዜ ከሆነ ወደ «ኢንስታንት»፣ ሴት ከሆነ ወደ ተራ ሃሽሴት፣ ጽሑፉን ቀድማችሁ ወደ ትንሽ ፊደል አውርዳችሁ።

ምልክት፦ እኩል ናቸው ይላል፣ ስፈልገው ግን አላገኘውም

ሃሽን የሚጠቀም መያዣ መጀመሪያ የሚያየው ሃሽ ኮዱን ነው፤ እኩልነት ሁለተኛ ነው። እኩል ሆነው ሃሻቸው የተለያየ ከሆነ ፍለጋው የተሳሳተ በር ያንኳኳል።

ክሎጁር የራሱን ቬክተርና የጃቫን አሬይሊስት ይዘታቸው አንድ ከሆነ በ= እኩል ናቸው ይላል። ከ1.6 ወዲህ ግን ለራሱ ኮሌክሽኖች ሌላ የሃሽ ስሌት ስለሚጠቀም የሁለቱ ሃሽ አይገናኝም። አሬይሊስቱን በሃሽ የሚፈልግ የክሎጁር ማፕ ቁልፍ አድርጋችሁ በቬክተር ብትፈልጉት አታገኙትም። በ«ቬክ» ወደ ቬክተር ለውጣችሁ አስገቡት።

በግሩቪ ደግሞ ውስጡ ተለዋዋጭ የገባበት ጽሑፍ ጂስትሪንግ ይባላል እንጂ ስትሪንግ አይደለም፣ ሃሹም ከስትሪንጉ ይለያል። የማፕ ቁልፍ ካደረጋችሁት በተራ ስትሪንግ አትደርሱበትም። ከማስገባታችሁ በፊት «ቱስትሪንግ» ጥሩ። ለዓይን ሲታዩ ፍጹም አንድ ይመስላሉ፣ ስለዚህ ታይፑን ሳያዩ ይህን መገመት ከባድ ነው።

ምልክት፦ መለያየት ሲገባቸው እኩል ይላል

ይህ ስህተት ቴስቱን አያስወድቅም፣ ስለዚህ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። «በፊት» ያላችሁትን ሊስት አስቀምጣችሁ፣ የሌላውን ቋንቋ ፈንክሽን ጠርታችሁ፣ ከ«በኋላ»ው ጋር ታነጻጽራላችሁ። ምንም አልተቀየረም ይላል። እውነቱ ግን «በፊት» የተባለው ቅጂ ሳይሆን የዚያው ሊስት መስኮት ነበር፤ ዋናው ሲቀየር እሱም አብሮ ተቀየረ።

የስካላ «አዝስካላ»፣ የጃቫ «አሬይስ.አዝሊስት» እና «አንሞዲፋየብልሊስት» ሁሉ መስኮቶች ናቸው። የኮትሊን ሊስት ከኮትሊን በኩል ለንባብ ብቻ ይመስላል፤ ጃቫ ግን እንደ ማንኛውም የጃቫ ሊስት ያየዋል፣ ከሥሩ ያለው ክላስ ከፈቀደም ይቀይረዋል። እውነተኛ ቅጂ ውሰዱ፦ በኮትሊን «ቱሊስት»፣ በጃቫ ከ10 ጀምሮ ያለው «ሊስት.ኮፒኦፍ»። ይሁንና «ኮፒኦፍ» ነልን አይቀበልም፤ ነል ሊኖር የሚችል ከሆነ አዲስ አሬይሊስት ፍጠሩ።

ተቃራኒውም አለ። ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያገናኘው ፓይባይንድ11 የፓይተንን ሊስት ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ቬክተር ሲያሻግር ይገለብጠዋል። ሲ ፕላስ ፕላሱ ቬክተሩን ቢያስተካክል የፓይተኑ ሊስት እንደነበረ ይቀራል። የተስተካከለው ውጤት እንዲመለስ አድርጉና ያንን አነጻጽሩ።

ምልክት፦ አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ ይወድቃል

ቅደም ተከተል ነው። ጎ ማፕ ላይ ሲዞር ቅደም ተከተሉን ሆን ብሎ ያደባልቃል፤ የረስት ሃሽማፕ በዘፈቀደ ከተመረጠ መነሻ ቁጥር ይነሳል፤ ፓይተን ጽሑፍ የያዘ ሴት ሲዘረዝር ከ3.3 ጀምሮ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ሊለያይ ይችላል። የፓይተን ዲክት ግን ከ3.7 ጀምሮ የገባበትን ቅደም ተከተል ይጠብቃል፤ የፓይተን ሰው ይህን ለምዶ ከሌላው ቋንቋም ሲጠብቀው ነው የሚሳሳተው።

ብዙዎች ሁለቱንም ወደ ሴት ለውጠው ያነጻጽራሉ። ተጠንቀቁ፤ ሴት ድግግሞሽን ያጠፋል፣ [1, 1, 2] እና [1, 2, 2] እኩል ይሆናሉ። ድግግሞሽ ትርጉም ካለው እያንዳንዱ እሴት ስንት ጊዜ እንደመጣ ቆጥራችሁ ቁጥሮቹን አነጻጽሩ፤ በፓይተን «ካውንተር» ለዚህ ተሠርቷል። ደርድራችሁ የምታነጻጽሩ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ቋንቋ ደርድሩ። ጃቫስክሪፕት ያለ ማነጻጸሪያ ሲደረድር ቁጥርን እንደ ጽሑፍ ስለሚያይ 1፣ 9፣ 10ን 1፣ 10፣ 9 ያደርጋቸዋል።

ናን፣ ክፍልፋይ እና ጄሰን

ናን («ቁጥር አይደለም» የሚል የስሌት ውጤት) ከራሱ ጋር እኩል አይደለም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ኮሌክሽን ውስጥ ሲገባ ግን ታሪኩ ይቀየራል። ጃቫ ውስጥ ናን የያዙ ሁለት ሊስቶች እኩል ናቸው። ፓይተን ሊስት ሲያነጻጽር ቀድሞ ማንነትን ስለሚያይ፣ ያው የናን ኦብጀክት በሁለቱም ካለ እኩል ይላል። እሴቶቹ በሲ አሬይ በኩል ደርሰው ከተመለሱ ግን አዲስ ኦብጀክት ይሆናሉና ሐሰት ይላል። ናን ሊኖር ከቻለ ለብቻው ፈትሹት።

በ32 ቢት ፍሎት ያለፈ 0.1 ወደ ፓይተን ሲመለስ 0.10000000149011612 ነው። እዚህ እኩልነትን መጠየቅ ራሱ ልክ አይደለም፤ የሚፈቀደውን ልዩነት ወስናችሁ በእሱ አነጻጽሩ።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚነጋገሩት በጄሰን (ዳታን በጽሑፍ መልክ በሚያስተላልፍ ፎርማት) ከሆነ አራት ነገር አስታውሱ። የፓይተን ተፕል (የማይቀየር ሊስት መሰል መያዣ) ሊስት ሆኖ ይመለሳል፣ በፓይተን ደግሞ ተፕልና ሊስት እኩል አይሆኑም። የቁጥር ቁልፍ ጽሑፍ ይሆናል። ከ9007199254740991 በላይ ያለ ሙሉ ቁጥር ጃቫስክሪፕት ውስጥ ሊዛነፍ ይችላል፤ 9007199254740993 ተነቦ 9007199254740992 ይሆናል፣ ስለዚህ ረጅም መለያ ቁጥሮችን በጽሑፍ ላኩ። በመጨረሻም የጄሰን ጽሑፎችን እንደ ጽሑፍ አታነጻጽሩ፤ ጃቫስክሪፕት የሙሉ ቁጥር ቁልፎችን ከትንሽ ወደ ትልቅ አስቀድሞ ስለሚያወጣ ይዘቱ ሳይለወጥ ጽሑፉ ይለወጣል።

ካስተካከላችሁ በኋላ

መለወጫውን አንድ ቦታ ላይ፣ በድንበሩ ላይ ብቻ አስቀምጡት። ከዚያ ደርሶ መልስ ቴስት ጻፉለት፦ ኮሌክሽኑ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሄዶ ይመለስ፣ ንጽጽሩም በሁለቱም አቅጣጫና በሁለቱም ቋንቋ ይካሄድ። ውስጡ 0፣ አሉታዊ ቁጥር፣ 200፣ ከኢንት በላይ የሆነ ቁጥር፣ ነል፣ የተደገመ እሴት፣ ባዶ ሊስት እና ሊስት ውስጥ ያለ ሊስት ይኑርበት። የእኔ ሁለት ቀን እንዲህ ባለ አሥር መስመር ቴስት ይድን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ቋንቋ በተገናኘበት ሥራ ሁሉ መጀመሪያ የምጽፈው እሱን ነው።